የማንአልሞሽ አውራ ጣት

ልጄ በድሩ ከሌላ ሴት አውራ ጣት ላይ ማር ሲልስ ያየሁት በቶይባ ስልክ ነው።

ቶይባ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ስለሆነ የእሷ ዶሮዎች እኔ ግቢ ይጭራሉ፤ የእኔ ጉዳይ ደግሞ እሷ ግቢ ይጫራል። ያን ቀን የከሚሴ ሙቀት በረድ ሲል መጣችና፣ ልጅሽ ቦሌን እያስጎበኘን ነው፣ ነይ እይ አለችኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በድሩ አንድ ልጄ ነው። ኮምቦልቻ የሆቴል ሙያ ተምሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ቦሌ፣ ማታ ማታ ሰው በሚደምቅበት ሰፈር፣ አንድ ኮክቴል ቤት ተቀጠረ። እሱ የሚቀምመው አልኮል የሌለውን ብቻ እንደሆነ በአላህ ስም ምሎልኛል። ፍራፍሬ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ በረዶ፣ ማር። መሐላውን አምኛለሁ። ስጋቱ ግን አልለቀቀኝም። ልጅሽ እሳት ዳር ተቀምጧል፣ ግን አይነካውም ብትባል የትኛዋ እናት ታርፋለች?

ከሥራው ጎን ለጎን ደግሞ በስልክ የሚታይ ነገር መሥራት ጀምሮ ነበር። "የማይጠጣ ሰው ቦሌ የት ይሂድ?" ይለዋል። በየኮክቴል ቤቱ እየገባ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ ለማይጠጣ ሰው ምን እንደሚቀርብ ያሳያል። እኔ ስለዚህ የማውቀው በወሬ ነበር። ቶይባ ያሳየችኝ ቤት ፎቅ አናት ላይ ነው። መብራቶቹ እንደ ቅል ተንጠልጥለዋል፤ ከታች መኪናው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ልጄ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ብርጭቆውን ይዞ ይስቃል። ነጭ ሸሚዙ ያምራል። ከጎኑ አንዲት ሴት አለች፤ የሚሠራበት ቤት ባለቤት ናት። ማንአልሞሽ ትባላለች።

በእኔ ዕድሜ ናት። ዕድሜው ግን እሷ ላይ ጌጥ ሆኗል፣ እኔ ላይ የጉልበት ሕመም። ሽበቷን አልደበቀችውም፤ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ትከሻዋን የሚነካ የጆሮ ጌጥ አንጠልጥላለች። ከትንሽ ሳህን ላይ ማር በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችና ወደ ልጄ አፍ ዘረጋች። በድሩ ላሰው። ከዚያም "ማሚ፣ ይሄ ተአምር ነው" አላት።

እኔን አዬ ነው የሚለኝ።

እኛ አገር ማር ከአውራ ጣት ላይ መላስ ጨዋታ አይደለም። ልጅ የሌላት ሴት፣ ወይም ልጅ እያላት ሌላውን እንደ ልጇ የወደደች፣ አውራ ጣቷን ማር ነክራ ትሰጠዋለች። እሱም ሽማግሌ ባለበት ይልሳል፤ ዱዓ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጇ ነው፤ ጣቱ የጡት ምትክ ነውና። የጡት ልጅ ከወለዱት አይለይም። በዒድ ይጠይቃል፣ ስትታመም ያስታምማል፣ ስትሞት ይቀብራል። ሃይማኖትም አያግደው፤ ወሎ ውስጥ ክርስቲያን የጡት እናት ያለው እስላም ብርቅ አይደለም። የባሌ የቃሲም እናት ሙሳ የሚባል የጨፋ ገበሬ በማር ወስዳ ነበር። ያረፈች ቀን ከቃሲም ጋር ቀብሯ ውስጥ የወረደው ሙሳ ነው። የወለደችው በእግሯ በኩል ያዛት፣ ሙሳ በራስጌዋ።

ይህን ሁሉ ቶይባም ታውቃለች። ለዚያ ነው ስልኩን ይዛ የሮጠችው። ፊቴን እያየች፣ የአዲስ አበባ ሰው ጨዋታ ይሆናል፣ አብሽሪ አለችኝ። አብሽሪ ያለችበት ድምፅ ግን ነገ ለሌላ ሰው የምትነግረውን የምታዘጋጅ ሰው ድምፅ ነበር።

ቀበሌያችን ባቋቋመው የጎልማሶች ትምህርት ማንበብ ተምሬያለሁ። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ። ከቪዲዮው ሥር ሰው የጻፈውንም አነበብኩ። አንዱ "እናትና ልጅ ስታምሩ" ብሏል። ሌላዋ "እንዲህ ዓይነት እናት ያለው ታድሎ" ብላለች። ፊደል ባልቆጠርኩ ኖሮ ይሄ ባልገባኝ አልኩ በልቤ፤ ወዲያው ደግሞ ለዚህ አስተግፊሩላህ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቶይባ ቤት እየሄድኩ ሁሉንም አየሁ። ቤቶቹ ያምራሉ፣ አልዋሽም። በሩ የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚመስል ቤት አለ፤ አንዱን መጽሐፍ ሳብ ሲያደርጉት ግድግዳው ይከፈታል፣ ውስጡ አረንጓዴ ከፋይ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሌላ ቤት ደግሞ እኛ ሥጋ ላይ የምንጥለውን የጥብስ ቅጠል በእሳት ለብልበው ብርጭቆ ይደፉበታል፤ ጭሱ ታስሮ ይቆይና የሐባብ ጭማቂ ያፈሱበታል። የብርጭቆው ከንፈር በስኳርና በሚጥሚጣ የተከበበበትም አለ። አንዱ ቤት ወለሉ መስታወት ነው። በሁሉም ግን እሷ አለች። መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ጠብታውን አውራ ጣቷ ላይ አድርጋ ለልጄ ትሰጣለች። አንዳንዴ ማር ነው፣ አንዳንዴ ሌላ ነገር። ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ የሸሚዙን ኮሌታ ታስተካክልለታለች። በሕፃንነቱ እኔ የሸሚዙን ኮሌታ በምላሴ አርጥቤ ፊቱን እጠርግበት ነበር።

ለእኔ ያላሳየኝን ሁሉ ለእሷ አሳይቷታል። አንድም ቀን፣ አዬ፣ ነይና እዚህ ፎቅ ላይ ላስቀምጥሽ አላለኝም። ቢለኝ አልሄድም ነበር፤ መጠጥ ያለበት ቤት ምን እሠራለሁ? ግን ቢለኝስ ምን ነበረበት?

መልእክት ጻፍኩለት። "ልጄ ማር ወደድክ ወይ" አልኩት። ሌላ ቃል እጄ አልጽፍ አለ። "አዎ አዬ ማር ለሁሉም ጥሩ ነው" ብሎ መለሰልኝ፤ ከአጠገቡ የሚስቅ ፊት አስቀምጦ። ያን ፊት ሳየው ዋልኩ።

አንድ ቀን እኔም ቤት ውስጥ ሞከርኩ። ፓፓያ ፈጭቼ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ የብርጭቆውን አፍ ስኳር አስነክሼ፣ አንድ ቀንበጥ የጥብስ ቅጠል ሰካሁበት። ለቃሲም ሰጠሁት። ቃሲም ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነግድ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገር ግን ይነክሳል። ብርጭቆውን ዙሪያውን አየና፣ "ዘይና፣ ይሄ ብርጭቆ አሞታል እንዴ፣ ሊጥ የለጠፍሽበት?" አለኝ። ቅጠሉን አውጥቶ ጠጣው። ይጣፍጣል አለ። እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ የተረፈውን ደፋሁት።

የማሩን ነገር ለቃሲም ስነግረው ልጅሽ የላሰው ማር ነው፣ መርዝ አይደለም አለ። አለማስፈቀዱስ ብዬ ጠየቅሁት። በደንቡ የወለደች እናት አሚን ካላለች ጡቱ አይጸናም። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ረመዳን ካለፈ በኋላ በድሩ ደወለ። ሊመጣ ነው። አዲስ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል፤ መጠጡን የወሎ ጣዕም ሊያለብሱት ይፈልጋሉ። ከሰንበቴ የግመል ወተት፣ ከጨፋ ፓፓያ፣ ከእኛ ቤት ማር። የሚመጡት ሁለት ሆነው ነው፤ ማሚ ማኔም አብራው አለች። ስሟን አሳጥሮ ሲጠራት ጆሮዬን አሳከከኝ። ቤታችሁ ነው፣ ኑ አልኩት።

መጡ። ማንአልሞሽ ከባጃጁ ወርዳ ደጃፌ ላይ ቆማ "አካም ጅርታ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችን፤ በድሩ አስተምሯት ይሆናል። ቶይባ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ በደስታ ሳቀች። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፣ ወደዳት። እኔ በዚህ ከተማ ተወልጄ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅዬ ስናገር ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም። እኔም እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ አልኳት። እሷ የበድሩ እናት አለችኝ፣ እኔ እርስዎ አልኳት። እርስዎ ማለት አንዳንዴ አክብሮት ነው፣ አንዳንዴ አጥር።

በማግስቱ ከቃሲም ጋር ሰንበቴ ገበያ ሄዱ። ቃሲም ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ሴትዮዋ አፋሯን ወተት ሻጭ እንዴት እንደተከራከረቻት፣ ወተቱን ቀምሳ ውሃ እንዳለበት እንዴት እንዳወቀች፣ አፋሯ መጨረሻ ላይ ስቃ ከሌላው እቃ እንደቀዳችላት አወራኝ። ባሌም ሄደ አልኩ በልቤ።

ምሳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ያሰብኩትም እኔ ነኝ። እንግዳዬ ክርስቲያን ስለሆነች የሥጋ ነገር እንዳያስቸግር ሽሮ፣ ምስር፣ የቃሪያ ስንግ አደረግሁ። ቶይባን ጠራሁ። የሰፈራችንን ሴቶች ዱዓ የሚመሩትን እማማ ኡምኩልሱምን አስጠራሁ፤ ዐይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸውና ልባቸው ግን አልደከመም። ከዚያ ቃሲም ከደጋ ያስመጣውን ነጭ ማር በሳህን አድርጌ መሶቡ አጠገብ፣ ልክ ማንአልሞሽ ፊት አስቀመጥኩት። ምስክር ባለበት፣ የወለድኩት እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ ያን ጣቷን ትዘረጋ እንደሆነ ላይ ፈልጌ ነው። የምትዘረጋ አልመሰለኝም። ታፍራለች፣ አፍራም እንደሰረቀችኝ ሰው ሁሉ ያውቃል ብዬ ነበር።

እሷ ግን ምንም ሳይመስላት ማሩን በጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች። ዐይኗን ጨፈነች። ይሄ ማር ስኳር አልገባበትም አለች። በድሩ በግራ እጁ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ ነበር፤ ቀኝ እጁ ሽሮ ነክቶታል። ቅመስ ብላ አውራ ጣቷን ነክራ ወደ አፉ አቀረበችለት። ልጄ አፉን ከፈተ።

ቶይባ የጎረሰችውን ሳታኝክ ቀረች። እማማ ኡምኩልሱም ምን ሆነ ብለው ጠየቁ፤ ቶይባ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸው ፈካ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ለዚህ ነው የተጠራነው" አሉ። "አላህ ጡቱን ያጽናው። ማሩን ማር ያድርገው። ልጅ ያላት ልጇ ይባረክላት፣ ልጅ የሌላት ልጅ አገኘች። ረቢ ሃ ጉቱ፣ ጌታ ይሙላው።"

ቶይባ አሚን አለች። ቃሲምም አሚን አለ፤ ከልማድ ይሁን ከልቡ አላውቅም። ማንአልሞሽ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ዱዓ መሆኑን ብቻ አይታ፣ አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። በድሩ ብቻ ገባው። ስልኩን ቀስ አድርጎ አወረደ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ያጠመድኩት ወጥመድ እኔኑ ያዘኝ። በስልክ የነበረው ጥርጣሬ አሁን በቤቴ፣ በማሬ፣ በጠራኋቸው ምስክሮች ፊት እውነት ሊሆን ነው።

እማማ ኡምኩልሱም እጃቸውን አላወረዱም። የደከመ ዐይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ዘይና፣ ያንቺን አሚን አልሰማሁም።"

ወጡ ሊያርብኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። እሳት ላይ የተጣደ ወጥ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል።

በድሩ ተከትሎኝ ጓዳ ገባ። በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ጡት የተጣባኸው አንተ፣ የምጠየቀው እኔ?"

መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው። በየቤቱ ማር የላሰው ለዚያ አለመሆኑን ነገረኝ። እኔ የማልጠጣ ሰው ነኝ አለ፤ እነዚያ ቤቶች ደግሞ መጠጥ ቤቶች ናቸው። ንጹሕ ነው ብለው የሚያቀርቡት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። አንዱ ሽሮፕ አልኮል አለበት፣ አንዱ መቀላቀያ ሳይታጠብ ይመጣል፣ አንዱ ባርማን ለጨዋታ ብሎ ጠብ ያደርጋል። በቀለም አይለይ፣ በጠረን አይለይ።

"እሷ ናት ቀድማ የምትቀምሰው" አለኝ። "ንጹሕ ከሆነ በጣቷ ትሰጠኛለች። ጣቷን ካጠፈች አልነካውም። የኔ እጅ ስልክና ብርጭቆ ይዟል፣ ጣቷን ነው የማየው።"

ያ የመጽሐፍ በር ያለው ቤት ባለቤት የማንአልሞሽ የልብ ጓደኛ እንደነበረ ነገረኝ። መጀመሪያ የሄዱ ጊዜ ሰውየው ምሎ ያቀረበውን ቀምሳ ጣቷን አጠፈች። ሰው ፊት ብርጭቆውን መለሰችለት። ሌላ ቀን አስተካክለው ጠሯቸው፤ ለሰው የታየውም ያ ነው። ጓደኛዋ ግን ከዚያ ወዲህ አያናግራትም።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትተኚ ነበር? ዛሬ ብርጭቆው ውስጥ ምን ነበር እያልሽ ነበር የምትነጊው።"

እውነቱን ነው። ግን ቅናት እውነት ሲሰማ አይበርድም፤ የእኔማ ባሰበት። እኔ በየሶላቴ፣ አላህ ሆይ ልጄን ከሐራም ጠብቅልኝ እላለሁ፤ እሷ ደግሞ እዚያ ቆማ በጣቷ ትጠብቀዋለች። እኔ የምለምነውን እሷ ትሠራለች። ሰርቃኝ ቢሆን ኖሮ መጥላት እችል ነበር። አሁን በምን ልጥላት?

ሂድ፣ እንግዳ ብቻዋን አትቀመጥ አልኩት። ሄደ። ምሳው ተነሥቶ እማማ ኡምኩልሱም አሚኔን ሳይሰሙ እስኪሄዱ ድረስ፣ ስሄድም ስመጣም ቀና ብሎ አላየኝም።

ያን ቀን ከሰዓት ቶይባ አላስቻላትምና የጡት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ፣ የእኔ አሚን እንደቀረም ለማንአልሞሽ አስረዳቻት። ከመግሪብ በፊት ማንአልሞሽ እቃ ሳጥብ መጣችና አጠገቤ ቆመች። ሳህን ልታብስ ጨርቅ አነሣች፤ ተቀበልኳት።

"የበድሩ እናት፣ አላወቅሁም" አለችኝ። "አልወለድኩም፣ እውነት ነው። ግን የሰው ልጅ ልወስድ አልመጣሁም። የመጣሁት ማር ልገዛ ነው።"

ምንም አይደል፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት አልኳት። ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ሻርፗን ሰብስባ ሄደች።

ቃሲም ከመስጊድ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ጠበቅሁት። ሙሳን አስታወሰኝ። "ሙሳ እናቴን አልወሰደብኝም" አለ፤ "ቀብሯ ውስጥ ብቻዬን እንዳልወርድ አደረገኝ።"

"አንተ ወንድም አገኘህ" አልኩት። "እኔ ምን አገኘሁ? ወጣት ሆኜ ጣውንት አላመጣህብኝም፤ ካረጀሁ በኋላ በልጄ መጣችብኝ።"

ቃሲም ሳቁን በጋቢው ሸፈነው።

በማግስቱ ጠዋት በድሩ ጓዳዬ ውስጥ ያን መቀላቀያውን ይዞ ሲቀምም አገኘሁት። የግመል ወተት፣ ፓፓያ፣ ትንሽ ማር፣ ትንሽ ዝንጅብል። ወደ ላይ ወደ ታች ሲንጠው የበረዶው ድምፅ እንደ ዝናብ ነበር። መልኩ ፀሐይ ስትወጣ ያለውን ሰማይ ይመስላል። ብርጭቆ ውስጥ ቀዳና እንደ ልማዱ መጀመሪያ ለማንአልሞሽ ዘረጋላት።

እሷ እጇን ከሻርፗ ሥር አላወጣችም።

"ከእንግዲህ ራስህ ቅመስ" አለችው በለሆሳስ። "እዚያም ራስህ ቅመስ። እናትህ ይከፋታል፣ ልክም ናት።"

በድሩ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ራሱ ቀመሰ። የኔ ጓዳ ነው፣ የግመል ወተት ነው፣ ምንም አይሆንም። እኔ ግን የታየኝ የኔ ጓዳ አልነበረም። ያ መብራቱ እንደ ቅል የተንጠለጠለበት ፎቅ ታየኝ፣ ልጄ ብቻውን ቆሞ፣ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ብርጭቆ። ከጎኑ ማንም የለም። ባርማኑ፣ ወላሂ ንጹሕ ነው ይለዋል። ልጄ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ወላሂ የተባለውን ሁሉ ያምናል።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ኮሌታው ተመለሰልኝ፣ ጣቷም ተሰበሰበልኝ። እኔ ግን የማሩን ዕቃ ከፍቼ እስከ አፉ ሞላሁት።

መናኸሪያ ሸኘናቸው። ረዳቱ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ እያለ ይጮሃል። ቃሲምና በድሩ የወተቱን ጀሪካን ከመቀመጫ ሥር ለማስገባት ይታገላሉ። ማንአልሞሽ በመስኮቱ ዳር ተቀምጣለች። ከቤት ይዤው የመጣሁትን የማር ዕቃ በመስኮቱ በኩል አቀበልኳት። ልትከፍለኝ ቦርሳዋን ስትከፍት የቦርሳውን አፍ በእጄ ይዤ ዘጋሁባት።

"ማንአልሞሽ" አልኳት። እርስዎ የሚለው ከአፌ ጠፍቶ ነበር። "እዚያ ቤቶች ስትገቡ ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምትቀምሺው?"

"ነበርኩ" አለች።

"አንድም ቀን ሳትቀምሺ ሰጥተሽው አታውቂም?"

"አላውቅም።"

"ብትታመሚስ? ጉንፋን ይዞሽ ጣዕሙ ባይለይሽስ?"

ጥያቄዬ አላሳቃትም። "ያን ቀን አንሄድም" አለችኝ።

መልሷ እኔ የምመልሰው መልስ ነበር፤ ቅር ያለኝም በዚያ ነው። ረዳቱ በሩን ሳበው። ሹፌሩ አስነሣ። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያለውን እጇን አየሁት፤ አውራ ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ አለ፣ ሎሚ ሲቆርጡ የሚቀር ዓይነት። የእኔም ላይ አለ።

"አሚን" አልኳት።

የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ሞተሩ ይጮሃል። ግን አፏን በእጇ ያዘች። በድሩ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ አዬ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ እያለ አንገቱን ያወጣል። አሚን ብላለች በዪው፣ ጣትሽንም እንዳትሰበስቢበት አልኳት። መጠጡ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ እጠፊ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ዐይኗ ሞልቶ ነበር፤ እኔ እንባዬን ውጬዋለሁ።

ቃሲም ከጎኔ መጥቶ ቆመ። ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሊወጣ ባጃጆች መሐል ቀስ እያለ ሲጠመዘዝ በኋላው መስታወት አየኋቸው። በድሩ ወደፊት አጎንብሶ የሆነ ነገር ይጠይቃታል። እሷ ዞራ ትመልስለታለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና ኮሌታውን አስተካከለችለት።

አሚኔን መልሺ ብዬ መሮጥ አማረኝ፤ ወላሂ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቴ። ግን ዱዓ ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ ሚኒባሱም አስፋልቱን ይዟል። ለቃሲም፣ የዘንድሮን ዐረፋ በድሩ እዚህ ነው የሚያከብረው፣ መጀመሪያ የኔ ቤት ነው፣ ይሄን ደውለህ ንገራት አልኩት።

"አንቺው ንገሪያት" አለኝ። "አሁን እኮ የልጅሽ እናት ናት።"

ቀድሜው ሄድኩ። ቶይባ አጥሩ ጋ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቄያለሁ፤ አሚን ማለቴን ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት እኔው ልነግራት ፈለግሁ።